የደጋ ጽጌረዳ ከቀጋ ትጀምር

ቢቸናና ሞጣ በጮቄ ተራራ ዙሪያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ጽጌረዳን እዚህ የሚፈትናት የአውሮፓው ዓይነት የበረዶ ክረምት አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ቅጠሏን ሲያረጥባት ይከርማል፤ ውሃ የሚቋጥረው ዋልካ ሥሯን ያፍነዋል። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ለወራት የሚዘልቅ ደረቅ ወቅት ይመጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይዞ ያነጋል። ከችግኝ መሸጫ የሚገዙት ባለ ድርብርብ አበባ ዝርያዎች አብዛኞቹ የተዳቀሉትም የተመረጡትም በሌላ አየር ነው። እንክብካቤው ሲቀር መመንመናቸው አያስገርምም። ለዚህ ደጋ የምትስማማ ጽጌረዳ የምትገኘው አጥር ላይ የበቀለውን ቀጋ ወላጅ በማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳ ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመው የጽጌረዳዎች መጽሐፍ ሮዛ አቢሲኒካ በሚል ስም አስፍሮታል። ከ1,700 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በቤተ ክርስቲያን ደን ዳርና በማሳ ድንበር፣ ማንም ሳያጠጣውና ፀረ ተባይ ሳይረጭበት ይኖራል። አበባው ነጭና መዓዛማ ነው፤ ቀይ ፍሬውን የማያውቅ እረኛ የለም። የደጋው ዝናብና ድርቅ ደካማውን እየጣለ ጠንካራውን እያስቀረ እዚህ አድርሶታል። ይህን የሚያህል ረጅም ፈተና በአንድ ሰው ዕድሜ ሊያካሂድ የሚችል አዳቃይ የለም።

«አበባው አምስት ቅጠል ብቻ፣ እሾሁ ደግሞ አያስጠጋ» የሚል ቢኖር እውነት አለው። ነገር ግን የቀጋ የቅርብ ዘመድ የሆነው የሙስክ ጽጌረዳም እንዲሁ ነጭ አበባ ያለው የሚንሰራፋ ቁጥቋጦ ነው። በ1800ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ጆን ቻምፕኒስ በተባለ የእርሻ ባለቤት ግቢ ይኸው ጽጌረዳ ከቻይና ጽጌረዳ ጋር ተዳቀለ። የተወለደው ተክል አበባው ሮዝ ቀለም ያለው ሆነ፤ ግን በዓመት አንዴ ብቻ ነበር የሚያብበው። ፊሊፕ ኑዋዜት የተባለ የቻርልስተን አትክልተኛ ዘሩን ሲዘራው ከበቀሉት መካከል ደጋግሞ የሚያብብ ተገኘ፤ ኑዋዜት የሚባለው ዘርም ከዚህ ተነሣ። ምክንያቱን ዛሬ እናውቀዋለን። አበባን የሚገታ አንድ ጂን አለ፤ የቻይናው ጽጌረዳ ይህ ጂን የተበላሸበት ነው። ተክሉ ሳያቋርጥ እንዲያብብ ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ቅጂ መውረስ ይኖርበታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ትውልድ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚፈልገውን ሁለተኛውን ሳያይ ይቀራል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ቀጋ 14 ክሮሞሶም ሲኖረው የዘመኑ ባለ ትልልቅ አበባ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ 28 አላቸው። የሁለቱ ልጅ 21 ይዞ ይወለድና ዘር ለማፍራት ይቸገራል። መንገዱ ግን አልተዘጋም፤ ጥንታዊዎቹ የቻይና ጽጌረዳዎች ልክ እንደ ቀጋ ባለ 14 ናቸውና ጋብቻው ከእነሱ ጋር ይሁን። ሥራውም ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። የቻይናዋ ጽጌረዳ እንቡጥ ልትፈነዳ ስትል ወንዴዎቹን በወረንጦ ነቅሎ፣ በማግስቱ የቀጋውን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ቀብቶ በወረቀት ከረጢት መሸፈን ነው። ፍሬው ሲቀላ ዘሩን አውጥቶ እርጥብ አሸዋ ውስጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ማቆየት ብዙውን ጊዜ ለመብቀል ያግዘዋል።

ጤፍ በሚዘራበት አገር ለአበባ መሬት ማባከን ነው ለሚለውም መልስ አለ፤ ይህ ተክል ቦታው አጥርና ደጅ ነው።

ከዘር የበቀሉት ችግኞች እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ የተመረጠችውን እንዳለች ማብዛት የሚቻለው በቁራጭ ነው። አብቦ ካበቃ ቅርንጫፍ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ሦስት አራት አንጓ የያዘ ቁራጭ ወስዶ፣ የታች ቅጠሉን አንሥቶ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ጥላ ሥር መትከል ይበቃል። ምርጫው ግን በአበባ መልክ ብቻ አይሁን። ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው የቅጠል በሽታ ፈንገስ በዝናብ ፍንጣሪ ይዛመታል፤ ቅጠሉን ለመያዝ ሰባት ሰዓት ያህል እርጥበት ይበቃዋል። በሞጣ የሐምሌ ዝናብ ይህ በየቀኑ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ችግኞቹ ሁለት ክረምት አንዳች ሳይረጭባቸው ሜዳ ላይ ይቆዩ፤ ቁራጭ የሚወሰደውም ቅጠላቸው ሳይራገፍ መስከረምን ከተሻገሩት ብቻ ይሁን።