ከ500 ካሎሪ ጥቂት ማለፍ ጾም መግደፍ ነውን?

ረቡዕና ዓርብ በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን እስከ ፍርድ ቤቱ ባለው አካባቢ፣ የምግብ ቤቶች ዋና ማዕድ በያይነቱ ነው። ለአብዛኛው ተመጋቢ ቀኑ የሃይማኖት ሥርዓት ነው። በእነዚሁ ሁለት ቀናት ላይ ሌላ ስሌት የሚደርቡ ከተሜዎችም አሉ፤ ሥጋና ወተት መተው ብቻ ሳይሆን፣ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ የዕለቱን ምግብ በካሎሪ ቆጥረው በ500 ወይም በ600 ይገድባሉ። በተለምዶ «ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ» ከሚባሉት ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው፤ አምስት ቀን እንደወትሮው ተበልቶ ሁለት ቀን እጅግ የሚቀነስበት።

ጥያቄው የሚነሣው ማታ ሒሳቡ ሲደመር ነው። 500 መሆን የነበረበት 580 ወይም 620 ቢሆን ቀኑ ከንቱ ቀረ ማለት ነው? መልሱ አይደለም የሚል ነው። ይህን ለመረዳት ግን ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ማየት ይጠቅማል።

ዘዴውን ለብዙኃኑ ያስተዋወቀው በሕክምና የሠለጠነው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ማይክል ሞዝሊ ነው። እ.አ.አ በ2012 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ዘጋቢ ፊልም በሳምንት ሁለት ቀን ምግቡን ወደ 600 ካሎሪ ዝቅ አድርጎ ውጤቱን አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከጸሐፊዋ ሚሚ ስፔንሰር ጋር መጽሐፍ አሳተመ። ቁጥሩ የተገኘው በቀላል ማካፈል ነው። የአንድ ወንድ የቀን ፍላጎት 2,400 ካሎሪ፣ የአንዲት ሴት 2,000 ተብሎ ተያዘና ሩቡ ተወሰደ፤ 600 እና 500 ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.አ.አ በ2011 የማንችስተሯ የሥነ ምግብ ባለሙያ ሚሼል ሃርቪና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት የሁለቱ ቀናት መጠን 650 ካሎሪ ገደማ ነበር። ሞዝሊ ራሱ እ.አ.አ በ2019 ባወጣው መጽሐፍ የጾሙን ቀን ወደ 800 ከፍ አድርጎታል። ድንበሩ የተፈጥሮ ሕግ ቢሆን ኖሮ በአንድ መጽሐፍ 300 ካሎሪ ወደ ላይ ባልተገፋ ነበር።

በሰውነት ውስጥም 500 ላይ የሚዘጋ ወይም የሚከፈት በር የለም። ምግብ ሲቀንስ ጉበት ያከማቸው ስኳር በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመናመናል፤ ሰውነትም ኃይሉን ይበልጥ ከስብ ማውጣት ይጀምራል። ሂደቱ ተዳፋት እንጂ ገደል አይደለም። 100 ካሎሪ በስብ ሲሰላ 13 ግራም ገደማ ነው።

የሳምንቱን ሒሳብ እንይ። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚበቃት ሴት በሳምንት 14,000 ያስፈልጋታል። ሁለቱን ቀናት በ500 ብታልፍ የምትበላው 11,000 ይሆናል፤ ጉድለቱ 3,000 ነው። በሁለቱም ቀን 100 ካሎሪ ብታሳልፍ ጉድለቱ 2,800 ይሆናል፤ ያጣችው ከአሥራ አምስት እጅ አንዱን ነው። ነገር ግን አንዱን ቀን 600 ላይ ስትደርስ «በቃ ተበላሸ» ብላ እንደወትሮው ቀን 2,000 ሞልታ ብትበላ፣ ሌላውን ቀን በ500 ብትጠብቀውም እንኳ ጉድለቱ ወደ 1,500 ያሽቆለቁላል። ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። በአምስቱ የመብያ ቀናት በየቀኑ 150 ካሎሪ ሳይታወቅ ቢጨመርም ሩቡ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ግን በጾሙ ቀን ስለ ተጨመረችው አንዲት ጉርሻ ነው።

«በቃ ተበላሸ» የሚለው ስሜት ከሒሳቡ ይልቅ ጎጂ ነው፤ በአገራችንም ሥር አለው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ጾም የሚገደፈው በካሎሪ ብዛት ሳይሆን በምግቡ ዓይነትና በሰዓቱ ነው። በረቡዕ ወይም በዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እህል የቀመሰ፣ ወይም ወተት የጠጣ ሰው ጾሙን ገድፏል፤ ጥቂት ናት ማለት አያድነውም። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው ካሎሪ ሲቆጥርም ያንኑ ሚዛን ይዞ መሄዱ አይገርምም። 500ን ሲያልፍ «ገደፍኩ» ይላል፤ «አንዴ ከገደፍኩማ» የሚለው ይከተላል። ቤተ ክርስቲያን የምትጾመው ለክብደት አይደለምና ሁለቱን ማደባለቅ ለሃይማኖቱም ለሒሳቡም አይበጅም።

ባሕርዩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሄርማንና ማክ እ.አ.አ በ1975 ባሳተሙት ሙከራ፣ ክብደታቸውን የሚጠብቁ ሴቶች አስቀድመው ወፍራም የወተት መጠጥ እንዲጠጡ ሲደረግ፣ ከዚያ በቀረበላቸው አይስክሬም ምንም ካልጠጡት ይልቅ አብዝተው በልተዋል። ገደቡ ከፈረሰ በኋላ የሚያግዳቸው ነገር አልቀረም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሌላቸው ተሳታፊዎች ግን ከጠጡ በኋላ እንደሚጠበቀው ጥቂት ነበር የበሉት።

ገደቡን ጥቂት ማለፍ ምን ያህል የተለመደ እንደ ሆነ እ.አ.አ በ2017 የወጣው የቺካጎ ጥናት ያሳያል። ከመጠን በላይ ውፍረት ያለባቸው 100 ሰዎች ለአንድ ዓመት ሲጠኑ፣ አንዱ ቡድን በየሁለት ቀኑ አንዴ ከፍላጎቱ ሩቡን ብቻ እንዲበላ፣ ሌላው ቡድን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እንዲቀንስ ታዘዘ። የጾመኛው ቡድን በጾሙ ቀን ከታዘዘው በላይ፣ በመብያው ቀን ደግሞ ከታዘዘው በታች ሲበላ ተገኘ። እንዲያም ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ የቀነሰው ክብደት 6 በመቶ ሲሆን፣ የሌላው ቡድን 5.3 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። ጥናቱን ጥለው የወጡት ግን ከጾመኛው ቡድን 38 በመቶ፣ ከሌላው 29 በመቶ ናቸው። ጥብቅ ገደብ ሰውን እንደሚያሰለች ከዚህ መገመት ይቻላል።

በእኛ ማዕድ ላይ ደግሞ ቆጠራው ራሱ ሌላ ችግር አለበት። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 360 ካሎሪ ይሰጣል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት 10 እንጀራ የሚወጣላት ቤት በአንዱ እንጀራ 360 ካሎሪ ገደማ ታቀርባለች፤ ወፈር አድርጋ 7 ብቻ የምትጋግር ቤት ግን 510 ትደርሳለች። ጤፉ ከጎጃምም ይምጣ ከአድአ፣ የ150 ካሎሪ ልዩነት የተፈጠረው ምጣዱ ላይ ነው። ስለዚህ በስልኩ መተግበሪያ «አንድ እንጀራ» ብሎ መዝግቦ 500 ላይ የቆመ ሰው በእርግጥ 400 ይሁን 600 አያውቅም። ከብት የሚያደልብ ሰው እንኳ የመኖ ቀመር ሲያወጣ ሣሩ ከአጨዳ እስከ አጨዳ እንደሚለያይ ታሳቢ አድርጎ ነው።

ከእንጀራው ይልቅ የሚያሳስተው ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ የሽሮና የምስር ወጥ ቁሌት ደግሞ በአንድ ማንኪያ አያልቅም። በያይነቱ የጾም ምግብ ስለ ሆነ ቀላል ነው የሚለው አመለካከት በየምግብ ቤቱ ሳህን ላይ ፈተና ይገጥመዋል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይም ወደ 50 ካሎሪ ይጨምራል። ቤት ውስጥ ለሚያበስል ሰው ጉርሻ ከመቁጠር ይልቅ ዘይቱን በማንኪያ መስፈር ይቀላል። መጠኑ የሚያልፍ ከሆነ በምስር፣ በሽምብራ ወይም በጎመን ቢያልፍ ይሻላል፤ ፕሮቲኑና አሰሩ እስከ ማግሥት ያቆያሉ።

በካሎሪ ሳይሆን በሰዓት የሚጾሙ፣ ለምሳሌ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ የሚበሉ ሰዎች ጉዳይ ይለያል። እነርሱ ስኳር ያለው ቡና በጾሙ ሰዓት ቢጠጡ ኢንሱሊን ከፍ ስለሚል ስብ የማቃጠሉ ሂደት ለጊዜው ይገታል።

በሞፈርና ቀንበር የሚውል ገበሬ በቀን የሚያወጣው ኃይል 3,000 ካሎሪን ሊያልፍ ይችላል። ለእርሱ 500ን ማሰብ ጉዳት ነው፤ ዘዴው የተሠራው ትርፍ ላከማቸ ሰው ነው። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለልጆችና ለወጣቶች፣ ክብደታቸው ላነሰና ከዚህ ቀደም የአመጋገብ መዛባት ሕመም ለነበረባቸውም አይመከርም።

ጥብቅ ጥንቃቄ የሚሻው የስኳር ሕመም ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡን በሩብ ቢቀንስ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ክትትሉ በጥቁር አንበሳ ይሁን በጤና ጣቢያ፣ ሐኪሙን ሳያማክር መጀመር የለበትም። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ልቡ በፍጥነት ከመታ ወይም ዓይኑ ብዥ ካለ ገደቡ ስንት ነበር ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለውም መድገም፣ ሲሻለው ምግብ መብላት አለበት። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሕክምና ተቋም ይወሰድ።