ኮሶ፦ በሽታውና መድኃኒቱ በአንድ ስም የሚጠሩበት ታሪክ

በሕክምና ታሪክ ውስጥ የሚያስቅም የሚያስገርምም ነገር ሞልቷል። ብዙዎቻችን ግን እንዲህ ያለው ታሪክ የሩቅ አገር ብቻ ይመስለናል። የደጋው ሰው ሁሉ የሚያውቀው የኮሶ ዛፍ ግን ከማንም የማያንስ ታሪክ አለው።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። ራሱን ያመመው ሰው «አስፕሪን ያዘኝ» አይልም። እኛ ግን አንጀት ውስጥ ያለውን ትልም ኮሶ፣ ትሉን የሚያስወጣውንም አበባ ኮሶ እንላለን። አንድ ሰው «ኮሶ ስላለብኝ ኮሶ ልጠጣ ነው» ሲል ጠላቱንና ሐኪሙን በአንድ ስም መጥራቱ ነው።

ዛፉ የጽጌረዳ ወገን ሲሆን ወንድና ሴት አለው። ለመድኃኒት የሚመረጠው ቀላ የሚለው የእንስቷ አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ከዚያም ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱ ለምሳሌ እስኪበቃ ድረስ የታወቀ ነው፤ ኑሮ የከበደው ሁሉ «እንደ ኮሶ መረረኝ» ይላል። ኮሶ በማይበቅልበት ቆላ ደግሞ መተሬና እንቆቆ ሥራውን ይሠሩ ነበር።

በድሮ ጊዜ ኮሶ መጠጣት የታወቀ የቤት ሥርዓት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1772 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቶ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ በወር አንድ ጊዜ ኮሶ እንደሚጠጣ ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦች ደግሞ በየሁለት ወሩ ነው ይላሉ። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ሥራ አይሠራም፣ እንግዳም አይቀበልም። ታዲያ ይህ ልማድ ለብልጦች ጥሩ ማምለጫ ሆነላቸው። ባለዕዳውን ማየት ያልፈለገ፣ ወይም መጥሪያ የከበደው ሰው አሽከሩን በር ላይ አቁሞ «ጌታዬ ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ያሰኛል። በቃ! ማን ገብቶ ይመረምራል?

ኮሶ በፖለቲካም ገብቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ኃይሉ ሳሉ፣ እናታቸው ተቸግረው ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው ይሰድቧቸው ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ፎክረው ሊይዟቸው ዘመቱና ራሳቸው ተማረኩ። ካሳም «እናቴ ዛሬ ገበያ ስላልቀናት ኮሶው ተርፏል» በሚል ፌዝ ኮሶ እንዳጠጧቸው ይተረካል። መድኃኒት ለቅጣት ሲውል ይህ የመጀመሪያው ባይሆንም ከሚያስቁት አንዱ ነው።

የውጭ ሊቃውንት ደግሞ ለዛፉ ስም ለማውጣት ተሽቀዳደሙ። ብሩስ በ1790 በታተመው መጽሐፉ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው፤ ነገር ግን ያ ስም ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ነበር። ቀጥሎ በጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ሃጌኒያ ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሊቅ ስለ ኮሶ በጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራየር ስም ብራየራ አለው። በመጨረሻ የጸናው ሃጌኒያ አቢሲኒካ የሚለው ነው። ስንት ዘመን ኮሶውን ሲወቅጡና ሲጠጡ ለኖሩት ሰዎች የደረሳቸው እንግዲህ የስሙ ጅራት ብቻ ነው።

እስካሁን ያለው ያስቃል። አሁን ግን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንድ ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን መድኃኒቱን እያወቀ በሽታው ስለ ምን አልጠፋም?

መልሱ በትሉ ኑሮ ውስጥ ነው። የኮሶ ትል ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ራሱ ግን ከስፒል ራስ ብዙም አይበልጥም። ኮሶው አካሉን ቆርጦ ሲያስወጣ ራሱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እንደገና ያድጋል። በየሁለት ወሩ የመጠጣት ልማድ እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የባሰ ነው። ከትሉ የሚቆረጠው እያንዳንዱ የበሰለ ቁራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። ኮሶ የጠጣው ሰው ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ ሜዳ። እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፣ ከብቱ ሣሩን ይግጣል፣ እንቁላሉም በሥጋው ውስጥ ትንሽ ነጭ ከረጢት ይሆናል። ለበዓል ከብቱ ይታረዳል፣ ብርንዶው ይቆረጣል፣ ትሉም ወደ ሰው ይመለሳል። ስለዚህ የኮሶ ቀን የመዳኛ ቀን ብቻ ሳይሆን የዘር ቀንም ነበር ማለት ነው። ሰውዬው ከራሱ አውጥቶ ለጎረቤቱ ይዘራ ነበር።

ይህ ክብ የታወቀው በቅርቡ ነው፤ መንገዱም ጉድ የሚያሰኝ ነው። በ1855 እ.ኤ.አ. ኩሸንማይስተር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ሞት ለተፈረደበት እስረኛ፣ ሳያውቅ፣ ከረጢት ያለበትን የአሳማ ሥጋ በምግቡ ውስጥ አበላው። ከተገደለ በኋላ አንጀቱ ሲታይ ትናንሽ ትሎች ተገኙ። ያ የእኛው የከብት ትል ዘመድ ነው። በ1861 ደግሞ ሎይካርት የተባለው ሊቅ የሰውን ትል ቁራጭ ለጥጃ አብልቶ ከረጢቱን ሥጋው ውስጥ አገኘ። የመጀመሪያው ሥራ ዛሬ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው። እውቀት ሁልጊዜ በንጹሕ እጅ እንዳልመጣም ያሳያል።

ኮሶ ራሱም ቀልድ አይደለም። በእፍኝ እየተለካ የሚጠጣ ነገር አንዱን ሲያድን ሌላውን ይጎዳል። ብዙ የጠጡ ሰዎች ዓይናቸው እንደጠፋና ሕይወታቸው እንዳለፈ ሐኪሞች መዝግበዋል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደገኛ ነው፣ ያስወርዳል። ዛሬ በልክ የሚሰጥ ኪኒን እያለ በእፍኝ መገመት አያስፈልግም።

ነገ ገጠር ገብተን ስናስተምር «አባቶቻችሁ ኋላ ቀሮች ነበሩ» ብንል ልጆቹ ይቀየሙናል፣ ንግግሩም ውሸት ነው። አባቶች አበባውን፣ ወራቱን፣ አወቃቀጡን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። «ምን ያስወጣዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አግኝተዋል። ያልተመለሰው «ከየት ይገባል?» የሚለው ነው።

ስለዚህ ብዙ ከመናገር ይልቅ ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ እንሣል፦ ሰው፣ ሜዳ፣ ከብት፣ ብርንዶ፣ ተመልሶ ሰው። ከዚያ ጠመኔውን ለተማሪው ሰጥተን «ይህን ክብ የት ላይ ትቆርጠዋለህ?» እንበለው። አንዱ መጸዳጃ ጉድጓድ ይላል፣ ሌላው ሥጋውን ማብሰል ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። «ኮሶ በመጠጣት» የሚል ተማሪ ቢኖርም አንሳቅበት፤ ከእሱ በፊት ስንቱ ሊቅ፣ ስንቱ መኳንንት ያንኑ መልስ ሰጥቷል።