«ሪህ» ተብለው የሚጠሩ የመገጣጠሚያ ሕመሞች አንድ ዓይነት አይደሉም፦ ትክክለኛ ስያሜ ለትክክለኛ ሕክምና

የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ የሚያብጥባቸውና ጠዋት ሲነሡ እጃቸውን መጨበጥ የሚያቅታቸው ሰዎች ሕመሙን «ሪህ ነው»፣ «ቁርጥማት ነው» ወይም «ብርድ ነው» በማለት ለረጅም ጊዜ በቤታቸው ያስታምሙታል። በእነዚህ ስሞች የሚጠሩት ሕመሞች ግን መንስኤያቸውም ሆነ ሕክምናቸው የተለያየ ነው። በመሆኑም ለሕመሙ የሚሰጠው ስያሜ ታካሚው የሚያገኘውን ሕክምና ይወስናል።

በተለይ የሚምታቱት ሦስቱ ናቸው፦

• ሪህ፦ ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ በመገጣጠሚያ ሲከማች ይከሰታል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መገጣጠሚያ፣ በተለይም በእግር አውራ ጣት ላይ፣ በድንገት ይጀምራል።

• ሩማቲክ ፊቨር፦ በባክቴሪያ የመጣና በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ በአብዛኛው ሕፃናትንና ታዳጊዎችን የሚይዝ ሲሆን የልብ ቫልቮችን ሊጎዳ ይችላል። እንዳያገረሽ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይሰጣል።

• ሩማቶይድ አርትራይተስ፦ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት በስሕተት የራሱን መገጣጠሚያዎች ሲያጠቃ የሚከሰት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። በሴቶች ላይ ይበዛል። የሁለቱም እጆች ወይም እግሮች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፤ ጠዋት ላይ የሚሰማው መተሳሰር ከ30 ደቂቃ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል።

የስያሜ ስሕተት ምን ያስከትላል?

ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባት ታካሚ ሕመሟ «ሪህ» ከተባለ ሥጋ እንዳትበላ ልትመከር ትችላለች፤ ይህ ግን በሽታውን አያቆመውም። ስሙ ከሩማቲክ ጋር በመመሳሰሉ በየወሩ ፔኒሲሊን ብትወጋም ለዚህ በሽታ አይጠቅማትም። የሕመም ማስታገሻ ሥቃይን ቢቀንስም የመገጣጠሚያውን ጉዳት አይገታም። እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ የበሽታውን ሂደት የሚገቱ መድኃኒቶች በጊዜ ከተጀመሩ ጉዳቱን ይቀንሳሉ፤ አንድ ጊዜ የተበላ አጥንት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

የደም ምርመራ ውጤትም ብቻውን ስያሜ አይሆንም። በሽታው እያለ ውጤቱ ነጌቲቭ ሊሆን፣ በሽታው በሌለበትም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ባለሙያው ውጤቱን ከአካላዊ ምርመራና ከሕመሙ ታሪክ ጋር አገናዝቦ ይወስናል።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይጠበቅባቸዋል?

1. የመገጣጠሚያ እብጠት ከታየ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ፤
2. ሕመሙ መቼና በየትኛው መገጣጠሚያ እንደጀመረ፣ ጠዋት ላይ መተሳሰሩ ምን ያህል እንደሚቆይ መግለጽ፤
3. የበሽታውን ሙሉ ስም መጠየቅና በጽሑፍ መያዝ፤ ወደ ሌላ ተቋም ሲላኩም በሪፈራል ወረቀቱ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ፤
4. ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መሆኑን መገንዘብ፤ በየቀኑ መውሰድ ለሕይወት አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ለሐኪሙ ማሳወቅ አለባቸው።

«ምን በሽታ ነው ያለብኝ?» ብሎ መጠየቅ ባለሙያን መድፈር ሳይሆን የታካሚ መብት መሆኑን እናስገነዝባለን።