ባትሪውን ከመኮነን በፊት

ጠዋት ቁልፉ ሲዞር የፊት መብራቱ ደብዘዝ ይላል፤ ማስነሻው ሲጫን «ጠቅ» ብሎ ዝም። ብዙ ሞተረኛ በዚህ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ባትሪ ሻጭ ነው። አዲስ ባትሪ ይገጠማል፣ ሞተር ሳይክሉ ለጥቂት ቀናት ደህና ይሠራል፣ ከዚያ ያው ጠቅታ ይመለሳል። ዕድሜው በገፋ ሞተር ላይ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሌላ ክፍል ሕመም የሚታይበት ቦታ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው፣ የሚያስተካክለውና የሚያደርሰው መስመር ሳይመረመር ዕቃ መቀየር ገንዘብ ያባክናል፤ አዲሱን ዕቃም ይገድላል።

የሱዙኪን ጂኤስ ሞተሮች እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1976 ጂኤስ 750ን ይዘው ብቅ ያሉት እነዚህ ሞተሮች በጥንካሬያቸው እስከ ዛሬ ይመሰገናሉ፤ የቻርጅ ሥርዓታቸው ግን ስሙ አላማረም። አሠራሩ የዘመኑን ብዙ የጃፓን ሞተሮች ይመስላል። በጎን ሽፋኑ ውስጥ፣ በክራንኩ ጫፍ ላይ፣ ማግኔት የያዘ ሮተር ይሽከረከራል። በመሐሉ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ስታተር ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል። ማግኔት በጥቅልል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ማይክል ፋራዳይ በ1831 አሳይቷል፤ እዚህም የሚሠራው ያው ሕግ ነው። ከስታተሩ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ። የሚያመጡት ኤሌክትሪክ ግን አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሲ ስለሆነ ባትሪውን መሙላት አይችልም። ስድስት ዳዮዶች ያሉት ሬክቲፋየር ወደ ዲሲ ይለውጠዋል፤ ሬጉሌተሩ ደግሞ ቮልቴጁ ከ14.5 ገደማ እንዳያልፍ ይቆጣጠራል።

ቁጥጥሩ የሚካሄድበት መንገድ ብዙ ብልሽቶችን ያስረዳል። ማግኔቱ ቋሚ በመሆኑ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ስታተሩ ማመንጨቱን አያቆምም። የድሮው ዓይነት ሬጉሌተር ቮልቴጁ ሲበዛ የስታተሩን ሽቦዎች መካኒኮች «ማሳ» ከሚሉት ከሞተሩ ብረት አካል ጋር ለቅጽበት ያገናኛቸዋል። መዝጊያው የተሰበረ ቧንቧ ባልዲው ሲሞላ ውሃውን ወደ መሬት እንደሚያፈሰው ማለት ነው። ስለዚህ መብራቱ በራ አልበራ፣ በስታተሩ ጥቅልል ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ብዙም አይቀንስም። ጥቅልሉ ዘወትር ይግላል፣ የሽቦው ልባስ ዓመት በዓመት ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። መብራት በማጥፋት ስታተሩን አሳርፋለሁ የሚል ሞተረኛ የሚያሳርፈው ባትሪውን ብቻ ነው።

ምርመራው በባትሪው ይጀምራል፤ በደከመ ባትሪ የሚወሰድ ሌላ ልኬት ሁሉ ያሳስታልና። መጀመሪያ በቻርጀር ይሞላ፤ ከዚያ ጥቂት ሰዓት አርፎ ይለካ። ጤናማ የእርሳስና አሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። 12.0 አካባቢ ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ማስነሻው ሲዞር ከ10 ቮልት በእጅጉ ከወረደ ባትሪው ራሱ ደክሟል፤ እሱ ሳይተካ ወደሚቀጥለው ማለፍ ድካም ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቶ የቴስተሩን ጫፎች ባትሪው ላይ ማሳረፍ ነው። በሚኒሞ የሚገኘው ቁጥር ብዙም አይነግርም፤ ነዳጅ ተሰጥቶ ዙሩ 5000 ገደማ ሲደርስ፣ የፊት መብራቱ በርቶ፣ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ አልያም የሚመራው ሽቦ ተበላሽቷል፤ አሲዱ ይፈላል፣ ባትሪውም ይጎዳል። ከ13 ከወረደ ደግሞ በመንገዱ ላይ የሆነ ቦታ ኃይል እየጠፋ ነው። በአንዳንድ ጋራዦች የሚደረገው ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ነቅሎ መሞከር ሬጉሌተሩንና ሌሎች ኤሌክትሮኒክ ክፍሎችን በቅጽበት ሊያቃጥል ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሬጉሌተር ሊገዛ ይሄዳል። እኔ ግን መጀመሪያ ሽቦውንና ስፒናውን ተመልከቱ እላለሁ፤ በአሮጌ ሞተር ላይ ያለ ምንም ወጪ የሚገኘው መፍትሔ ያለው እዚያ ነውና። ከሬጉሌተሩ ወደ ባትሪው 15 አምፔር እየሄደ በዛገ ስፒና ላይ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢጨመር 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ሬጉሌተሩ 14.4 እያወጣ ባትሪው የሚደርሰው 12.9 ነው። የጠፋው ኃይል ከ22 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ የጣት ጫፍ በምታህል ፕላስቲክ ላይ ያርፋል፤ የጠቆረና የቀለጠ ስፒና የሚፈጠረውም እንዲህ ነው። በኦም መለኪያ ይህን ማግኘት ያስቸግራል፤ ተራ ቴስተር እንዲህ ያለውን ትንሽ ቁጥር በትክክል አያነብም። የሚያዋጣው ሞተሩ እየሠራ መለካት ነው። አንዱን ጫፍ በሬጉሌተሩ ቀይ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጎ ልዩነቱን ማንበብ፤ ከዚያም ከሬጉሌተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ እንዲሁ። ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ ያ መስመር መጽዳት ወይም በአዲስ ሽቦ መተካት አለበት።

የጂኤስ ባለቤቶች ይህን በመከራ ተምረዋል። በብዙዎቹ ላይ ከስታተሩ ሦስት ሽቦዎች አንዱ በቀጥታ ወደ ሬክቲፋየሩ አይሄድም፤ እስከ መብራቱ ማብሪያና ማጥፊያ ድረስ ወጥቶ ይመለሳል። በዚያ ረጅም ጉዞ ያሉት መገጣጠሚያዎች ሲዝጉ የስታተሩ አንድ ሦስተኛ ይደክማል። መድኃኒቱ ያንን ዙር አስቀርቶ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ነው። አንዳንዶች ቮልቴጅ የሚያነብ ለብቻው የወጣ ሽቦ ያለውን የሆንዳ ሬጉሌተር ይገጥማሉ። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን ያ ሽቦ ኃይል በሚጠፋበት መስመር ላይ ከታሰረ ሬጉሌተሩ ባትሪው የጎደለ ይመስለውና ከልክ በላይ ይሞላዋል።

መስመሩ ንጹሕ ከሆነ የስታተሩ ተራ ነው። ሦስቱን ሽቦዎች ከሬክቲፋየሩ ነቅሎ ቴስተሩን በኤሲ ላይ ማድረግ፣ ሞተሩን ወደ 5000 ዙር ማድረስ፣ ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ መለካት። እንደ ሞተሩ ዓይነት 60 ወይም 80 ቮልት ሊወጣ ይችላልና እጅ ባዶውን ሽቦ እንዳይነካ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የሦስቱ መቀራረብ ይበልጣል። ሁለቱ ጥምረቶች ዝቅ ብለው አንዱ ብቻ ደህና ከሆነ የጋራቸው ሽቦ ተበላሽቷል። ሞተሩ ጠፍቶ ከየትኛውም ሽቦ ወደ ማሳ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም፤ ካለ ልባሱ ተቃጥሏል፣ ስታተሩ እንደገና ይጠመጠማል ወይም ይቀየራል። ዳዮዶቹ ደግሞ በቴስተሩ የዳዮድ ምልክት በአንድ አቅጣጫ ግማሽ ቮልት ገደማ፣ በሌላው ምንም ማሳየት አለባቸው።

ቋሚ ማግኔት የሌላቸው ሞተሮች ሌላ ጠባይ አላቸው። በድሮዎቹ ቦክሰር ቢኤምደብሊዎች ሮተሩ ማግኔት የሚሆነው በባትሪው ኤሌክትሪክ ነው፤ መነሻውም በቻርጅ ማመልከቻው ትንሽ አምፖል በኩል ያልፋል። አምፖሉ ከተቃጠለ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እንኳ፣ ቻርጁ ሊቀር ይችላል። እዚያ ምርመራው የሚጀምረው ቁልፉ ሲዞር አምፖሉ መብራቱን በማየት ነው።

ቻርጁ ተስተካክሎ ባትሪው ግን ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚያልቅ ከሆነ መፍሰስ አለ። ቁልፉን ዘግቶ የኔጌቲቩን ሽቦ ነቅሎ ቴስተሩን በአምፔር ላይ አድርጎ በሽቦውና በባትሪው መሐል ማስገባት ነው። ሰዓትም ማንቂያም የሌለው አሮጌ ሞተር ዜሮ አጠገብ ማሳየት አለበት። 50 ሚሊአምፔር ትንሽ ይመስላል፤ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነውና 14 አምፔር ሰዓት የሚይዝን ባትሪ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ባዶ ያደርጋል። የሬክቲፋየሩ ቀይ ሽቦ ሲነቀል ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ የሚያፈሰው ዳዮድ ነው፤ ካልሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጡ ቁጥሩ የሚወርድበትን መስመር መፈለግ ነው።