የሲሚንቶ ኢንዱስትሪና የዜሮ ልቀት ግብ

ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ለመገንባት ያወጣችውን ስትራቴጂ በ2004 ዓ.ም ደርባን ላይ ይፋ ማድረጓ ይታወሳል። በ2015 ዓ.ም ይፋ የሆነው የረጅም ጊዜ ስትራቴጂ ደግሞ የአገሪቱ የተጣራ ልቀት እ.ኤ.አ በ2050 ዜሮ እንዲሆን ግብ አስቀምጧል። ይህም ወደ አየር የሚለቀቀው በካይ ጋዝ ደንና አፈር መልሰው ከሚይዙት መጠን እንዳይበልጥ ማድረግ ማለት ነው።

አገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይሏን በአብዛኛው ከውሃ የምታገኝ ከመሆኑም በላይ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ይሁን እንጂ ንፁህ ኤሌክትሪክ ብቻውን መፍትሔ የማይሆንላቸው ኢንዱስትሪዎች አሉ፤ ከእነዚህም ቀዳሚው ሲሚንቶ ነው።

ምክንያቱ በጥሬ ዕቃው ውስጥ ይገኛል። የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር እስከ 1 ሺህ 450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ክሊንከር ይሆናል። በዚህ ሂደት ከ100 ኪሎ ግራም ንፁህ የኖራ ድንጋይ ውስጥ 44 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከሲሚንቶ ምርት ልቀት 60 በመቶ ያህሉ ከድንጋዩ፣ ቀሪው በአብዛኛው ለማቃጠያ ከሚውለው እንደ ድንጋይ ከሰል ካለ ነዳጅ የሚመነጭ ነው።

ስለሆነም ልቀቱን ለመቀነስ ቅርብ የሆነው መንገድ በሲሚንቶ ውስጥ ያለውን የክሊንከር ድርሻ ማሳነስ ነው። ኦፒሲ በአብዛኛው ክሊንከር ሲሆን ፒፒሲ ግን በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በስፋት የሚገኘው ፑሚስ የሚቀላቀልበት ነው። እስከ 800 ዲግሪ ገደማ የተቃጠለ ሸክላ አፈርና ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ በመቀላቀል የሚመረተው ሲሚንቶ ደግሞ ልቀቱን እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። የሰብል ተረፈ ምርትን በከሰል ምትክ መጠቀምም ለከሰል ግዥ የሚወጣውን ወጪ ይቀንሳል።

በዚህ ረገድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ቀላል አይደለም። መንግሥት በመንገድ፣ በመስኖና በሕንፃ ሥራ ከፍተኛ የሲሚንቶ ተጠቃሚ በመሆኑ በጨረታ ሰነድ ላይ የሚሰፍረው ዝርዝር የፋብሪካዎችን ምርት ይወስናል። ለግንብና ለልስን ሥራ ፒፒሲ በቂ ሆኖ ሳለ ኦፒሲ እንዲቀርብ መጠየቅ ልቀትንም ወጪንም ይጨምራል። በአንጻሩ ፒፒሲ የመጀመሪያ ጥንካሬውን የሚያገኘው ዘግየት ብሎ በመሆኑ በቂ ውሃ የማጠጣት ሥራና የሳይት ቁጥጥር ይጠይቃል። ሰነዱ ተለውጦ ቁጥጥሩ ካልተጠናከረ ጉዳቱ በግንባታው ጥራት ላይ ይታያል።

አገሪቱ ለቤትና ለመሠረተ ልማት ተጨማሪ ሲሚንቶ ያስፈልጋታል። በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 15 ሺህ ቶን የማምረት አቅም ያለው መሆኑ ለዚህ ማሳያ ነው። አንድ የሲሚንቶ ማቃጠያ ምድጃ ከ30 ዓመት በላይ ሊያገለግል ስለሚችል ዛሬ ፈቃድ የሚሰጠው ፋብሪካ በግቡ ዓመትም በሥራ ላይ ይገኛል። በመሆኑም የ2050 ልቀት መጠን የሚወሰነው ዛሬ በሚፈረሙ የኢንቨስትመንት ፈቃዶችና የግዥ ሰነዶች ጭምር ነው።