ተጨማሪ መረጃ፦ አሮጌ ሽቦ፣ አዲስ ገበያ

ስልክ ስናወራ ድምፃችን ከመዳብ ሽቦው የሚይዘው እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ድግግሞሽ ብቻ ነው። በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያመጣው ቴክኖሎጂ፣ ኤዲኤስኤል፣ ከዚያ በላይ፣ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለውን ለኢንተርኔት ያውለዋል። ሁለቱን የምትለየው ከስልኩ ጋር የምትገጠመው ትንሿ ማጣሪያ ናት፤ እሷ ከሌለች በስልኩ እጀታ ውስጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ቤቱ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥርም ፍጥነቱ ይቀንሳል።

የኤዲኤስኤል መሣሪያውን ማን ያቅርብ የሚለው ፉክክር በአሜሪካ የጦፈ ነበር። ካፕ እና ዲኤምቲ የተባሉ ሁለት የማስተላለፊያ ስልቶች ተፋጠጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በተደረገው ፍተሻ ዲኤምቲ በለጠ። በ1996 የስልክ ኩባንያዎቹ አሜሪቴክ፣ ቤልሳውዝ፣ ፓሲፊክ ቤልና ኤስቢሲ ግዢያቸውን አንድ ላይ አድርገው የፈረንሳዩን አልካቴል መረጡ። ለገዢዎቹ ብልህ እርምጃ ነበር፤ በጅምላ የሚገዛ ዋጋ ያስቀንሳል። ለተሸናፊ አቅራቢዎች ግን ከባድ ምት ሆነ።

ኮቫድ፣ ኖርዝፖይንትና ሪዝምስ የተባሉ ጀማሪ ኩባንያዎች ደግሞ የነባሮቹን የስልክ ኩባንያዎች ሽቦ እየተከራዩ ገበያውን ተቀላቀሉ። እንደ ኮፐር ማውንቴን ያሉ መሣሪያ አምራቾችም ተስፋቸውን በእንዲህ ዓይነት ጀማሪዎች ላይ ጣሉ። በ2001 ሦስቱም ጀማሪዎች የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ፤ ከዚያ ወጥቶ ሥራውን የቀጠለው ኮቫድ ብቻ ነው።