ጎርፉን በክፍያ መመከት

መርካቶ ዱባይ ተራ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ከማለዳ ጀምሮ መቶ ሰው ተኮልኩሎ ዋጋ ሲጠይቅ ቢውልና አንዱም ባይገዛ ባለሱቁ ምንም ሳይሰረቅ ይከስራል፤ የምሩ ገዢ ግፊያውን አይቶ ጎረቤት ገብቷል። ኢንተርኔት ላይ አገልግሎት የማስተጓጎል ጥቃት የሚባለውም ይኸው ነው፤ ሰርቨሩን በማይረባ ጥያቄ ማጨናነቅ። ባንክ ጠያቂውን እያጣራ ይከላከላል። ክሪፕቶከረንሲ ግን ዘበኛ የለውም፤ ማንም ኖድ፣ ማለትም የኔትወርኩ አባል የሆነ ኮምፒውተር፣ ከፍቶ ይገባል። መከላከያው ማስከፈል ነው።

ሐሳቡ ከቢትኮይን ይቀድማል። አዳም ባክ በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሀሽካሽ ኢሜይል ላኪው ኮምፒውተር አስቀድሞ ጥቂት ስሌት እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። አንድ ደብዳቤ ለሚልክ ምንም አይደለም፤ ሚሊዮን ለሚልክ ኪሳራ ነው። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እየገዙ እዚሁ አገር የሚሠሩት የቢትኮይን ማይነሮችም ድካማቸው የዚህ ስሌት ዘር ነው። ማይኒንግ ግን የሐሰት ብሎክን (የዝውውር ጥቅልን) እንጂ የዝውውር ጎርፍን አይገድብም። ጎርፉን የሚገድቡት የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ በ2010 እ.ኤ.አ. ያስገባው የብሎክ መጠን ጣሪያና የዝውውር ክፍያ ናቸው። አብዛኛው ኖድ ወረፋ ለሚጠብቁ ዝውውሮች የሚመድበው ቦታ 300 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ሲሞላ ትንሽ የከፈለው ይወጣል።

ዋጋው ከተሳሳተስ? ኢትሪየም የተባለው ሌላ የክሪፕቶ ኔትወርክ በ2016 እ.ኤ.አ. መስከረም አየው። ገንቢዎቹ ሻንጋይ ለጉባኤ በተሰበሰቡበት ሰሞን፣ ዲስክ የሚያስነብብ አንድ ትእዛዝ ከሥራው ክብደት በጣም ረክሶ መተመኑን ያስተዋለ አጥቂ በአንድ ብሎክ ውስጥ ወደ 50,000 ጊዜ ያስጠራው ጀመር። አንድ ብሎክ ለማጣራት ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ፈጀ። ኖዶች የሚጠቀሙበት ጌት የተባለው ሶፍትዌር በሌላ ጥቃት ሲወድቅ፣ በሌሎች ሰዎች የተጻፈው ፓሪቲ ሥራውን ቀጠለ፤ ሁለት ሶፍትዌር መኖሩ ያን ቀን አዳነ። ጥቅምት ላይ የትእዛዙ ዋጋ ከ20 ወደ 700 ጋዝ (የኢትሪየም የክፍያ መለኪያ) ከፍ አለ። ሶላና የተባለው ኔትወርክ በበኩሉ መስከረም 2021 ላይ ለ17 ሰዓት ያህል የቆመው አጥቂ መጥቶበት እንኳ አልነበረም፤ አዲስ ቶከን ለመሻማት የተሰማሩ ቦቶች በርካሽ ክፍያው አጥለቀለቁት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ጎርፉን የሚያቆመው ክፍያ ትንሹን ላኪም ያቆመዋል። በ2021 ኢትሪየም በተጨናነቀባቸው ቀናት ዩኤስዲቲ የተባለውን ከዶላር ጋር የተሳሰረ ስቴብልኮይን ለመላክ በአስሮች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ ትንሹ ላኪ ትሮን ወደተባለው ኔትወርክ የሄደው ለዚህ ነው። ትሮን ላይ ብሎክ የሚያመርቱት 27 ተመራጮች ብቻ ናቸው። ርካሽነቱ በከፊል የተገዛው በዚህ ነው፤ እኔ እንደ ትንሽ ዋጋ አላየውም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የክሪፕቶ ዝውውርን የሚያጠናው ቼይናሊሲስ በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በአነስተኛ መጠን የሚደረግ የስቴብልኮይን ዝውውር በኢትዮጵያ በዓመት 180 በመቶ አድጓል። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2022 ክሪፕቶ ሕጋዊ መክፈያ አለመሆኑን አስታውቋል።

እዚህ አገር ላለ ሰው ደካማው ቦታ ብሎክቼይኑ ጋ አይደለም። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ የቢትኮይን ኔትወርክ ብሎክ መጨመሩን አላቋረጠም፤ የተቋረጠው የኛ መስመር ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቀንም ብር የሚቀየረው ሰው ከሰው ጋር በቀጥታ በሚገበያይበት በፒቱፒ ገበያ ነው። ሻጩ ዩኤስዲቲውን በገበያው ያስይዛል፣ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ። በዚያ መሃል የባንኩ አፕ ከተንቀራፈፈ ትእዛዙ ይሰረዛል። ብሩ ከሄደ በኋላ ከተሰረዘ ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው ለገበያው የደንበኞች አገልግሎት ቻት ነው፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ መላክና መልስ መጠበቅ።